ሐዋሳ ላይ ለልጆቻችሁ ሌክቸር ማስጫን ለምትፈልጉ

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች፣ ይሄን ልጅ ሳላመሰግነው ክረምቱ ሊያልቅብኝ ነው። አቶቴ አካባቢ በሩ ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያለባት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት አለችው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ፊልም ሲጭን ነው፣ እኔ ግን ያመጣኝ የትምህርቱ ነገር ነው።

ትልቋ ልጄ በመስከረም 9ኛ ትገባለች፣ ትንሹ 6ኛ ነው። ክረምቱን ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚያሳልፉት ብለን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን የተቀረፀ ሌክቸር እናስጭንላቸው አልን፣ ዋይፋይ የለንም፣ በፓኬጅ ቪዲዮ ማየት ደግሞ አይቻልም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ "ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ነው" ብለውኝ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ጥግ ድረስ አስሞልቼ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ስንከፍተው ጉድ ነው። ካልኩለስ 7ኛው ክፍል አለ፣ 1ኛው የለም፣ አንዱ ኮርስ ሶስት ፎልደር ውስጥ ተደጋግሟል፣ ግማሹ ምን እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። ቲቪያችን ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ጭራሽ አላነብም አለ። ልጆቹ ሁለት ቀን በላፕቶፕ ነካክተው ተውት፣ እኔም ብሬን አልቅሼ ተውኩት።

እሱን ላስተካክል ብዬ ነው እዚህ ልጅ ጋ የሄድኩት። ከፍቶ አየውና "ማዘር ይሄን ሁሉ ማን ሊያየው ነው?" አለኝ። ከዛ ጥያቄ ጀመረ፣ ስንተኛ ክፍል ናቸው፣ በቲቪ ነው በስልክ፣ እንግሊዝኛቸው እንዴት ነው፣ ማታ ማታ አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው አለ ወይ። የመጨረሻዋ ላይ ዝም አልኩ። "በሉ ነገ ልጆቹን ይዘዋቸው ይምጡ" ብሎ ምንም ሳይጭን ሸኘኝ፣ እውነት ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት።

በነጋታው ሁለቱንም ወንበር ላይ አስቀምጦ ለአንድ ርዕስ የሶስት አስተማሪ አስር አስር ደቂቃ እያሳየ ምረጡ አላቸው። እኔ እንደዚህ ይመረጣል ብዬ አስቤም አላውቅ፣ ትልቅ ስም ያለው ይጫን ነበር የምለው። ልጄ በኢንተርኔት በነፃ የሚያስተምረውን የካን አካዳሚን ሂሳብ መረጠች፣ የሰውዬው ፊት አይታይም፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በከለር እየፃፈ ነው የሚያወራው፣ "እኔን የሚያወራኝ ይመስለኛል" አለች። እኔ የአሜሪካውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ኤምአይቲ ኤምአይቲ ስል "እሱ የዩኒቨርሲቲ ነው ማዘር፣ አሁን ካዩት ሂሳብ ይጠላሉ፣ ለባለቤትዎ ይሁን" አለኝ። ባለቤቴ በኤክስቴንሽን ዲግሪውን እየተማረ ስለሆነ የኤምአይቲውን አስተማሪ የጊልበርት ስትራንግን ሊኒየር አልጀብራ የሚባል የሂሳብ ኮርስ ጫነለት፣ ከ30 በላይ ሌክቸር ነው፣ ሽማግሌው በጠመኔ እየፃፉ የሚያስተምሩት። አሁን እራት እንደተበላ ትንሹ "ባባ ዛሬም ሽማግሌው ናቸው?" ይለዋል።

ደስ ያለኝ ሌላው ነገር ቪዲዮው ነፃ እንደሆነ ራሱ ነው የነገረኝ። ኤምአይቲ ኮርሶቹን ለማንም በነፃ ክፍት አደርጋለሁ ብሎ ያስታወቀው በፈረንጆቹ 2001 ነው አለኝ፣ "እኔ የማስከፍለው ለማውረጃና ለድካሜ ነው"። አንድ በብር የሚሸጥ ኮርስ ስጠይቀው ደግሞ አልጭንም ብሎ እምቢ አለ። ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው?

በቲቪ የምታዩ ከሆነ ይሄንንም ከሱ ነው ያወቅኩት፣ የድሮ ቲቪ ፋት 32 በሚባለው አይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ነው የሚያነበው፣ የኛ ሃርድ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ የሚባል ሌላ ፎርማት ስለነበር ነው እምቢ ያለው። ሰብታይትሉን ከቪዲዮው ጋር አንድ አይነት ስም ሰጥቶ እዛው ፎልደር ውስጥ ሲያስቀምጠው ፅሁፉ ራሱ ይመጣል። ፈረንጁ ከፈጠነባችሁ ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፍጥነቱን ቀንሱት፣ ልጄ መጀመሪያ ላይ እንደዛ እያደረገች ነው የለመደችው።

ለሁላችን አንድ ላይ ብሎ ስለ መሬት አፈጣጠር የሚያስተምር አንድ ኮርስ ጨመረልን፣ እሁድ ማታ ነው የምናየው። አንድ ቀን አስተማሪው ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያወራ ካርታው ላይ ኢትዮጵያን አሳየ፣ ቤቱ ተንጫጫ። ልጄ ስልኳ ላይ ፈልጋ ሐይቃችን ራሱ በድሮ እሳተ ገሞራ የተደረመሰ ጎድጓዳ ውስጥ እንደተኛ አነበበችልን፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም አለች፣ እዚሁ አድጌ አንድ ቀን እንኳን ውሃው የት ይሄዳል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አማቴ "እና እሳት ላይ ነው የተኛነው?" ብለው አማተቡ። በሳምንቱ ታቦር ተራራ ወጣን፣ ትንሹ በኪሱ ድንጋይ ሞልቶ ወረደ፣ ሱሪው ተቀዷል።

ልጁ እንከን የለውም አልላችሁም። በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ነገ ካለ ከነገ ወዲያ ነው፣ ስልክም አያነሳም። ደግሞ ብዙ አይጭንላችሁም፣ ለኛ አራት ኮርስ ብቻ ሰጥቶ "እነዚህን ጨርሳችሁ ኑ" ነው ያለን፣ ጭነቱንና ፍላሽ ፎርማት ማድረጉን ጨምሮ 350 ብር ተቀበለኝ። ለቴራው ከከፈልኩት ጋር አታወዳድሩኝ አፍራለሁ።

ወንድሜ ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ባለቤቴም ሰላም ብሎሃል። ቦታውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ብቻ ፍላሽ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ጋ ያለው ትንሽ ይወደዳል።