የማርቆስ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለቦርድ ይግባኝ ይበጃሉ?

ቦርድ የወጣ፣ ማለትም ተጎድቶ በሕክምና ቦርድ ታይቶ ከሠራዊቱ የተሰናበተ ወታደር፣ የጉዳቱ መጠን አንሶ ሲወሰንበት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጠበቃ በር አይደለም። ከቢቸናም ይምጣ ከሞጣ፣ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ዘርግተው ከተቀመጡት ጸሐፊዎች ፊት ነው የሚቀመጠው። ፍርዳችንን በአጭሩ እናስቀምጥ፦ ለመሬትና ለውርስ ክርክር እጃቸው የተባ ነው፤ ለቦርድ ይግባኝ ግን ባለጉዳዩ ራሱ አውቆ ካልመራቸው ገንዘቡም ቀኑም ይባክናል።

በጎውን እናስቀድም። ቅርጹን ያውቁታል። ቀን፣ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት፣ «ጉዳዩ»፣ የአባሪ ዝርዝር፣ ፊርማ፣ ሁሉም በቦታው ይቀመጣል። በግማሽ ቀን ይጨርሳሉ፤ መብራት ከጠፋም ፍላሹን ይዘው ጄኔሬተር ካለው ጎረቤት ዘንድ ይሮጣሉ። አማርኛቸውማ በቅኔ የታወቁት የዲማና የዋሸራ አገር ሰው አማርኛ ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ አማርኛ ነው። ለወታደር የሚጻፈው ሁሉ «ለሀገሬ ደሜን አፍስሼ፣ አጥንቴን ከስክሼ» ብሎ ይነሣል፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ይለቀሳል። ስንት በመቶ ተወሰነ፣ መሆን የነበረበት ስንት ነው፣ በየትኛው የሕክምና ማስረጃ የሚለው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይታለፋል፣ አንዳንዴም የለም። ቅኔ ሰምና ወርቅ ያምርበታል፤ ማመልከቻ ግን ወርቁን ፊት ለፊት ነው የሚፈልገው። የሚያነበው ሰው ደም መፍሰሱን አልካደም። የሚጠይቀው ቦርዱ ያላየው ወይም አሳንሶ ያየው ምን እንደሆነ ነው።

ከዚህ የከፋው አድራሻ መሳት ነው። ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች አሉ። ጉዳቱ ስንት በመቶ ነው የሚለውን የሚናገረው የሕክምና ቦርድ ነው። በዚያ መቶኛና በመሥራት ችሎታው ላይ ተመሥርቶ ጡረታ ነው ወይስ ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ)፣ ስንት ብር ነው የሚለውን የሚወስነው የጡረታው መሥሪያ ቤት ነው። መቶኛው ያነሰበት ሰው በሠራዊቱ መስመር በኩል በቦርድ እንደገና ልታይ ይላል። የአበሉ ዓይነት ወይም ስሌቱ የተሳሳተበት ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ይሄዳል፤ በጉባኤው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ይዘልቃል። ሰበር ሐኪም አይደለም፤ ጉልበትህ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ አይመረምርም። ጸሐፊዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅለው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይሉና፣ የማይመለከተው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን ሲመልስ የይግባኙ ጊዜ እየነጎደ ነው። ውሳኔው የደረሰበትን ቀን ደብዳቤው ጀርባ ላይ ወዲያው ማስፈር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መቶኛው ለምን እንደሚያጣላ በብር እንየው። በቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 በሥራ ምክንያት ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ደርሶበት ሥራ መሥራት የማይችል ሆኖ የተሰናበተ ሰው፣ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር የሚከፈለው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ የጉዳት ጡረታ ይታሰብለት ነበር። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ተጎድቶ የመሥራት ችሎታውን ያላጣ ደግሞ ያው 47 በመቶ በ60 ወር፣ ከዚያም በጉዳቱ መጠን ተባዝቶ አንድ ጊዜ ዳረጎት ይወስድ ነበር። ለምሳሌ ደመወዙ 4,000 ብር ቢሆን 47 በመቶው 1,880 ነው፤ በ60 ሲባዛ 112,800። ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 22,560 ብር፤ 35 ቢል 39,480። ይህን ስሌት ከማመልከቻው ጋር አስልቶ ያያያዘ ጸሐፊ አላገኘንም። 714 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መተካቱን ሳያዩ፣ ለየትኛውም ጉዳት የድሮውን ቁጥር የሚገለብጡም አሉ።

የሚያስቀውና የሚያስለቅሰው ቀኑ ነው። የሆስፒታል ወረቀት ላይ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 12/03/2021 የሚለውን እንዳለ ገልብጠው «ዓ.ም.» ጨመሩበት እንበል፤ ወታደሩ ኅዳር 12 ቀን 2021 ቆሰለ ማለት ነው፣ ገና ያልደረስንበት ዓመት! ትክክለኛው መጋቢት 3 ቀን 2013 ነው። ከክፍሉ የሚሰጠው የጉዳት ማረጋገጫ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ሁለቱ ካልገጠሙ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ነው ወይስ በፈቃድ ላይ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ከመቶኛውም በላይ ከባድ ነው።

ስምም እንዲሁ። መታወቂያው ላይ «ኃይሉ»፣ ሕክምናው ላይ «ሀይሉ»፣ ማመልከቻው ላይ «ሐይሉ»። ለጆሮ አንድ ነው፤ መዝገብ ቤት ለሚያመሳክር ግን ሦስት ሰው ይመስለዋል። ጸሐፊው አጠገብ ተቀምጦ በፊደል ማስነበብ ነው። ከቀድሞ ባለጉዳይ ፋይል ላይ ስለሚቀዱም ሃምሳ አለቃው በሦስተኛው አንቀጽ ሻምበል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ማዕረግ መጨመሩ ባልከፋ ነበር።

ወደ እነሱ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን ጨርሱ። እግሩ የተቆረጠ ሰው ጉዳቱ ይታያል፤ ጆሮው የደነቆረ፣ ፍንጣሪ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ፣ ነርቩ የተጎዳ ግን በወረቀት ካልታየ የለም። የመስማት ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ የነርቭ ምርመራ ውጤት ያስፈልጋል። «ያመዋል» የሚል የሐኪም ማስረጃ ምንም አይፈይድም፤ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ፣ ያለ ክራንች ምን ያህል እንደሚራመድ፣ ይሻለው እንደሆነ ወይም ቋሚ እንደሆነ ይጻፍ።

ዋጋው በገጽ ስለሚቆረጥ ማርዘሙ ለማን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል በሉና ሳይጀመር ተስማሙ። «እዚያ ሰው አለኝ፣ እኔ አስጨርሳለሁ» ከሚል ራቁ፤ ማመልከቻ ጸሐፊ የጥብቅና ፈቃድ ከሌለው ችሎት ቆሞ አይከራከርላችሁም። ጉዳዩ የሕግ ክርክር ከሆነ ጠበቃ ያዙ፤ አቅም ካጠረ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት የነፃ ሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

ፎቶ ኮፒያቸው ደብዛዛ ነው፤ ሰማያዊ ማኅተም ጨርሶ አይወጣም። ኦሪጅናሉን በእጃችሁ ያዙ፣ ኮፒውን ሌላ ቤት አስነሡ፣ ስታስገቡ የእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስመቱ።