ግራኝ ተኳሽና ለቀኝ እጅ የተሠራ ባለ ሁለት አፈሙዝ፦ የቱ ይሻላል?

ግራኝ ሆናችሁ ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ዒላማ ለመተኮስ ሾትገን (ብዙ ትንንሽ እርሳስ የሚረጭ ጠመንጃ) ልትገዙ ብትወጡ፣ አሜሪካም ሆነ እንግሊዝ ሱቁ ውስጥ የምታገኙት ጠመንጃ ሁሉ ማለት ይቻላል ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ሻጩ «ለግራኝም ይሆናል» ይላችኋል። አንዳንዱ በእርግጥ ይሆናል። አንዳንዱ ግን ጉንጫችሁን እየመታ ዒላማውን ያስታችኋል።

ብዙ ግራኞች መጀመሪያ የሚሠጉት በመክፈቻው ነው። ጥይት ለማጉረስ ጠመንጃውን መሐሉ ላይ ለማጠፍ የሚገፋው ምላስ የሚሄደው ወደ ቀኝ ነው፤ የታሰበውም ለቀኝ አውራ ጣት ነው። በእኔ እምነት ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነገር ነው። የግራ አውራ ጣት ከግራ በኩል ሆኖ ይገፋዋል፤ ትንሽ ሲለመድ ማሰብም አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት ብቻ ጥሩ ጠመንጃ ትታችሁ አትውጡ።

ዋናው ጉዳይ ሰደፉ ነው። ለቀኝ እጅ የሚሠሩ ብዙ ጠመንጃዎች ሰደፋቸው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ነው። ቀኝ ተኳሽ ጉንጩን ሲያሳርፍ ዓይኑ በአፈሙዙ መስመር ላይ እንዲውል ነው። ግራኝ ሲይዘው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንጨቱ ወደ ፊቱ ይመጣና ዓይኑን ከመስመሩ ወደ ቀኝ ያወጣዋል። ሾትገን ደግሞ በአብዛኛው የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው ዓይናችሁ ነው። እስቲ እናስላው። ከዓይን እስከ አፈሙዝ ጫፍ 95 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ዓይናችሁ በ5 ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ፣ 30 ሜትር ላይ ተኩሱ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሸክላው ስፋት ራሱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ዛሬ እጄ ልክ አይደለም» የሚል ግራኝ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእጁ አይደለም።

ይህን ሱቅ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ከሰደፉ በኩል ሆናችሁ በአፈሙዙ ርዝመት ተመልከቱ። የሰደፉ መሐል ከአፈሙዙ መስመር ወደ ቀኝ ከወጣ፣ ለቀኝ ተኳሽ የታጠፈ ነው። ልክ መስመሩ ላይ ከሆነ ለሁለቱም እጅ ይሠራል። መጨበጫውንም ዳስሱት። በቀኝ ጎኑ ለመዳፍ ተብሎ ያበጠ ነገር ካለው ለግራኝ አይመችም፤ ጣታችሁን ይገፋል።

አሁን ወደ ምርጫው። አፈሙዞቹ ከላይና ከታች የተነባበሩትና ጎን ለጎን የተቀመጡት ለግራኝ እኩል አይደሉም። የተነባበሩት ዛሬ በብዛት ባለ አንድ ቃታ ናቸው። ሴፍቲያቸው (ቃታውን የሚቆልፈው) ከላይ፣ መሐል ላይ ስለሆነ ለየትኛውም አውራ ጣት ይሆናል። ቀለሁም ወደ ኋላ ይወጣል እንጂ ወደ ጎን አይወረወርም። ጎን ለጎኖቹ ደግሞ፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ ሁለት ቃታ አላቸው። የፊተኛው ቃታ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የኋለኛው ወደ ግራ የተቀመጠ ነው። የግራ ጣት የፊተኛውን ሲስብ የኋለኛው መንገዱ ላይ ይቆማል፤ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ሲገፋ ጣት ይላጣል።

ጎን ለጎኑ ግን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ሰደፋቸው የተያዘው ከላይና ከታች በሚገቡ ብሎኖች ነው። ስለዚህ ባለሙያ እንጨቱን በትኩስ ዘይት አሙቆ ወደ ግራ ሊያጥፈው ይችላል። በተነባበሩት ብዙ ጊዜ ረጅም ብሎን በሰደፉ ውስጥ ያልፋል፤ እሱ ማጠፉን ይገድበዋል። እዚያ ላይ ያለው አማራጭ ጉንጭ የሚያርፍበትን የቀኝ ጎን ጥቂት ሚሊ ሜትር መላግ ነው። የድሮ እንግሊዝ ጠመንጃ ከወደዳችሁ ጥይቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ርዝመት አስለኩ። 65 ሚሊ ሜትር በሆነው ውስጥ የ70 ሚሊ ሜትር ጥይት መተኮስ አደገኛ ነው።

ከተተኮሰ በኋላ ራሱ የሚጎርሰው ከፊል አውቶማቲክስ? ለቀኝ እጅ የተሠራውን ለግራኝ አልመክርም። ቀለህ የሚወጣበት ቀዳዳ ከፊታችሁ ፊት ለፊት ይሆናል፤ ጭስና ፍንጣሪ ወደ ዓይን ይመጣል። የብዙዎቹ ሴፍቲም በቀኝ አመልካች ጣት የሚገፋ ነው። ጥቅማቸው ግፊታቸው ለስላሳ መሆኑና በብዙዎቹ ሰደፉ በሚቀየር ስስ ሰሌዳ ወደ ግራ መዞሩ ነው። ይህን ዓይነት ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ ለግራ እጅ የተሠራውን ፈልጉ፤ የቤኔሊ ፋብሪካ ሞንቴፌልትሮ የተባለውን ለግራ እጅ ሠርቷል። በፓምፕ በኩል (የፊት እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ የሚጎርሰው) ኢታካ 37 ቀለሁን ወደ ታች ስለሚጥል ግራኞች ከጥንት ጀምሮ ይወዱታል።

ለግራኝ የተሠራ ባለ ሁለት አፈሙዝም አለ። ቤሬታ 686 ሲልቨር ፒጅን በግራ ሰደፍ ይገኛል። ከፋብሪካው ብታዙ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ነገ ልሽጠው ብትሉም ገዢው ጥቂት ነው። ብዙ የምትተኩሱ ከሆነና ጠመንጃውን ለዓመታት የምታቆዩት ከሆነ ግን ገንዘቡ አይቆጭም። ገና ለሚጀምር ግራኝ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ የተነባበረ፣ ባለ አንድ ቃታ፣ ሰደፉ ቀጥ ያለ፣ መጨበጫው ያላበጠ። ክለብ ውስጥም መሐሉ ላይ ታጥፎ ሲታይ ባዶ መሆኑን ሁሉም ሰው ከሩቅ ያውቃል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ስታነጣጥሩ የሚመራው የትኛው ዓይናችሁ እንደሆነ ፈትኑ። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ በቀዳዳው ራቅ ያለ ነገር እዩ። ከዚያ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ያያችሁት ነገር ካልጠፋ የሚመራው ግራ ዓይናችሁ ነው፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይሠራላችኋል። ከጠፋ ግን የሚመራው ቀኙ ነው። እንዲህ ከሆነና ገና ጀማሪ ከሆናችሁ፣ በቀኝ ትከሻ መተኮስን ከአሠልጣኝ ጋር ሞክሩት። ከተመቻችሁ ሱቅ ውስጥ ያለው የቀኝ እጅ ጠመንጃ ሁሉ ለእናንተም የተሠራ ይሆናል።