ረጅም ቁጥር ኤክሴል ላይ ወይስ ፖስትግሬስ (ዳታቤዝ ነው) ላይ?
ኤክሴል ላይ 16 ዲጂት ያለው የካርድ ቁጥር ጻፉና ኢንተር በሉ፣ መጨረሻዋ 7 ከነበረች 0 ሆና ታገኟታላችሁ፣ ከ15 ዲጂት በላይ አይዝማ፤ ማስጠንቀቂያ ምናምን የለም፣ ዝም ብሎ ነው የሚበላት። ሴሉን አስቀድማችሁ ቴክስት ካላደረጋችሁት አለቀ፣ በኋላ ፎርማት ብትቀይሩ የጠፋችው አትመለስም።

ፖስትግሬስ ላይ ቢግኢንት የሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት 18 ዲጂት ያለ ችግር ይይዛል፣ ኒውመሪክ የሚባለው፣ ነጥብ ያለውን ቁጥር ሳያዛባ የሚይዘው ዓይነትማ፣ ከነጥብ በኋላ ብቻ እስከ 16383 ዲጂት (ማን እንደሚፈልገው እንጃ)። ግን ዳታቤዝ ስለሆነ ብቻ አትመኑት፣ ኮለሙን ደብል ፕሪሲዥን ካላችሁት 0.1 ሲደመር 0.2 ስትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል፣ ያው የኤክሴሉ በሽታ ነው፣ ሁለቱም ጋ ያለው 64 ቢት ፍሎት (ቁጥርን አጠጋግቶ የሚይዝ ዓይነት) ነዋ። ኒውመሪክ ትንሽ ቀርፋፋ ነው፣ ለገንዘብ ከሆነ ግን እኔ ሌላ አልነካም።