ስምንት ስፒከር በአንድ ቴፕ፦ የድሬዳዋ የመኪና ቴፕ ገጣሚዎች ሥራ ሲፈተሽ

በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የመኪና ቴፕ ከሚገጥሙት ሱቆች አንዱ ዶልፊን ሚኒባስ ላይ የሠራውን ሥራ ክሩስኮቱንና የውስጥ ልባሱን ፈትተን አየነው። ዕቃው እዚያው ከተማ ካለው ታይዋን ገበያ የተገዛ ባለ አራት ቻናል (አራት የስፒከር መውጫ ያለው) ቴፕ እና ስምንት ባለ 4 ኦም ስፒከር ነው፤ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ። ለዚህ ሱቅ የእጅ ሙያ አይጎድለውም። ያልተሠራው የኦም፣ ማለትም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው መቋቋም፣ ሒሳብ ነው፤ ቴፕ የሚገድለውም እሱ ነው።

ከጥሩው እንጀምር። የሽቦዎቹ መጋጠሚያ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ አልተተወም፤ በሊድ ተበይዶ በሙቀት የሚሸበሸብ የፕላስቲክ ቱቦ ለብሷል። በድሬ ሙቀት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የናስትሮ ሙጫ ይቀልጥና ይንሸራተታል፣ ሽቦው ይራቆታል፣ አንድ ቀን ቦዲ ይነካል። በሩ በሚታጠፍበት ቦታ ሽቦው በጎማ ቱቦ ውስጥ አልፏል። የቴፑ ቢጫ ሽቦ በፊውዝ አልፎ በቀጥታ ከባትሪ፣ ቀዩ ከቁልፉ መጥቷል፤ ጥቁሩ ሽቦ የቦዲው ቀለም ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ታስሯል። ቢጫና ቀይ ቢምታቱ ሞተር በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና የተያዙት ጣቢያዎች ይጠፉ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ። በእያንዳንዱ ቻናል ላይ ሁለት ስፒከር በፓራለል ታስሯል፦ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ። ሁለት ባለ 4 ኦም እንዲህ ሲታሰሩ ለቴፑ 2 ኦም ይሆኑበታል። የቴፑ ጀርባ ላይ ግን ከ4 እስከ 8 ኦም ይላል። ኦሙ በግማሽ ሲወርድ የሚሳበው ከረንት እጥፍ ይሆናል፣ ቴፑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው ቺፕም በዚያው ልክ ይግላል። ጠዋት ደህና የዋለ ቴፕ ቀትር ላይ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ባለመኪናው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ ቴፑን ይመልሳል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል። ቺፑ እኮ ራሱን ከመቃጠል እያዳነ ነው፤ ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ግን አንድ ቀን ሳይነሳ ይቀራል።

ካርቶኑ ላይ ያለው «50 ዋት × 4» ማንንም አያታልል። በ14 ቮልት የሚሠራ ተራ ቴፕ በ4 ኦም ላይ ንጹሕ ድምፅ ይዞ ከ24 ዋት ብዙም ማለፍ አይችልም፤ በተግባር ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ስፒከር በመጨመር ቴፑ በደህና የሚሰጠው ኃይል አይበዛም፣ ይከፋፈላል እንጂ።

መፍትሔው ሁለት ነው። ርካሹ ሁለቱን ስፒከሮች በሲሪስ ማሰር ነው፦ የቴፑ ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ፖዘቲቭ፣ የአንደኛው ኔጋቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛው ኔጋቲቭ ወደ ቴፑ ኔጋቲቭ። ድምሩ 8 ኦም ይሆናል። ድምፁ ቀነስ ይላል፣ ቴፑ ግን ይተነፍሳል። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ትንሽ ክብና ትልቅ ሞላላ ስፒከር በሲሪስ ሲታሰሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያበላሻል። አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም እንደሚዘጉም ይታወቅ። ሚኒባስ ውስጥ ድምፅ በደንብ እንዲሰማ ለሚፈልግ ግን እኛ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው፦ በእያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም የሚችል፣ ለስፒከሮቹ ኃይል የሚሰጥ ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየር፣ የድምፅ ምልክቱን በሚያስተላልፍ አርሲኤ ገመድ ከቴፑ ጋር የተያያዘ። የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ከባትሪው 45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዙ አምፕሊፋየሩ ጋ ብቻ ከሆነ መንገድ ላይ የተላጠ ሽቦ መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል።

ወደ ኋላ የተሳበው ሽቦም ቀጭን ነው፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። 6 ሜትር ሄዶ 6 ሜትር ሲመለስ ሽቦው ብቻውን 0.42 ኦም ይይዛል፤ ከ2 ኦም ላይ ይህ አንድ አምስተኛ ነው። 1.5 ካሬ ቢሆን ወደ 0.14 ይወርድ ነበር። ሽቦ ሲገዛ አንዱን ክር በቢላ ፋቅ ማድረግ ነው። ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ከወጣ ውስጡ አሉሚኒየም ነው፤ ለዚያ ወፈር ያለ ያስፈልጋል።

ከኋላ በቀኝ ያለው አንድ ስፒከር ተገልብጦ ታስሮ አገኘነው። መለያው ቀላል ነው፦ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ በስፒከሩ ጫፎች ላይ ለቅጽበት ይነካል፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለል ይላል፣ ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የተገለበጠ ስፒከር ይጮኻል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ግን አንዱ የሌላውን ቤዝ ያጠፋል፣ ድምፁም ቀጭን ይሆናል። ብዙዎች ይህን «ስፒከሩ ቤዝ የለውም» ይሉታል።

ሥራውን የሚረከብ ሰው ክሩስኮቱ ሳይዘጋ ኦም የሚለካ ቴስተር ይጠይቅ። የስፒከር ሽቦዎቹ ከቴፑ ተነቅለው እያንዳንዱ ቻናል ይለካ። አንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር ብቻውን ከ3.2 እስከ 3.8 ያሳያል፣ በሲሪስ የታሰሩ ሁለት ወደ 7። አምፕሊፋየር ሳይኖር 2 አካባቢ ከሆነ ሥራው ይመለስ። ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ከቦዲ ጋር ይለካ፤ ምንም ንባብ መኖር የለበትም።

የመጨረሻዋ ልኬት በተለይ አሮጌ መኪና ላይ አትዘለል። ሐረር ላይ በሚታወቁት ፔጆ 404 ታክሲዎች ዘመን ለስፒከር አንድ ሽቦ ብቻ ይሄድ ነበር፣ መመለሻው ቦዲው ነው። የዛሬ ቴፕ ግን በሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ላይ የባትሪውን ግማሽ ያህል ቮልት ይዟል፤ ኔጋቲቩ ቦዲ ከነካ ቺፑ ወይ ይዘጋል ወይ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አሮጌው ሽቦ ተትቶ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ ከቴፑ ይሳብ።