ሳንቶ ዶሚንጎ፦ ኮሎምበስ አደባባይ ይሻላል ወይስ ኢስፓኛ?

ሁለቱም የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ አሮጌው ሰፈር ውስጥ ናቸው፤ በእግር አስር ደቂቃ ገደማ ቢያራርቃቸው ነው። ሁለቱም መግቢያ አያስከፍሉም። ጊዜ ካጠረ ግን ምርጫ የግድ ነው።

ጥላ
ኮሎምበስ፦ ዛፍ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ርግብ በሽበሽ ነው።
ኢስፓኛ፦ ሜዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩ ራሱ ያቃጥላል።

የሚታይ
ኮሎምበስ፦ መሃል ላይ በ1887 እ.ኤ.አ. የቆመ የኮሎምበስ ሐውልት አለ። እግሩ ሥር ወደ ላይ የምትንጠራራው የታይኖ (የደሴቲቱ ቀደምት ሕዝብ) ሴት አናካኦና ናት ይባላል፤ ስፔኖች የሰቀሏት ንግሥት መሆኗን ስታውቁ እዚያ መቀመጧ ራሱ አሽሙር ይመስላል፣ እኔማ ከሰውዬው ይልቅ እሷን ነው ቆሜ ያየሁት። ጎኑ ያለው ካቴድራል በአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ነው። ቁምጣ ለብሳችሁ አትሂዱ።
ኢስፓኛ፦ የኮሎምበስ ልጅ ዲዬጎ የኖረበት ቤተ መንግሥት፣ አሁን ሙዚየም ነው። ከጀርባው የኦዛማ ወንዝ።

ኪስ
ኮሎምበስ፦ ካፌ ይበቃል። አስጎብኚ ነኝ የሚል ከመጣ ዋጋውን መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ነው።
ኢስፓኛ፦ ጠርዙ ላይ የተደረደሩት ምግብ ቤቶች ለእይታውም ያስከፍላሉ።

ጠዋት፣ ከልጆች ወይም ከእናት ጋር ከሆነ ኮሎምበስ። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ለሁለት ከሆነ ኢስፓኛ፤ ነፋሱ ያኔ ነው የሚመጣው።