አቶቴ ላለው የሞተር መካኒክ ምስጋና፣ እጃችሁ ትንሽ የሆነ አንብቡት

ዛሬ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ሞተር ይሠራል። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤት ያማሃ ይዤ በሳምንት አራት ቀን ወደ ዶሬ ባፋኖ በኩል እወጣለሁ። እጄ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ባልደረቦቼ "የአሻንጉሊት እጅ" ይሉኛል። ቀበሌው እስክደርስ ቀኝ እጄ ደንዝዞ መርፌ መያዝ ያቅተኝ ነበር። አንድ ሱቅ ገብቼ ችግሬን ስነግራቸው ስፖንጅ ያለው ወፍራም የመሪ ጎማ (እጅ የሚጨብጠውን) ሸጡልኝ፣ "ለስላሳ ነው፣ ይመችሻል" ብለው። ባሰብኝ! ጣቶቼ ዞረው አይደርሱም፣ ፍሪሲዮኑን (በግራ እጅ የሚሳበውን ማንሻ) እስከ መጨረሻው መሳብ አቃተኝ፣ አንድ ቀንማ ገበያ መሀል ሞተሩ ዘሎብኝ የአንዲት እናት ሽንኩርት ላይ ልወጣ ለጥቂት ተረፍኩ።

ይሄ ልጅ ምንም ልሽጥልሽ አላለኝም። "እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይና ያዢው" አለኝ። ጣቶቼን አየ፣ ከዚያ የመሪውን ውፍረት በካሊፐር ለካ። የመሪው ብረት ራሱ 22 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስፖንጁ 37 አድርሶታል። ውፍረቱ ሲበዛ እንዳያመልጥሽ አጥብቀሽ ትጨብጪያለሽ፣ የሚያደነዝዝሽ እሱ ነው አለኝ። አውልቆ 30 የምትሆን ስስ ጎማ አስገባልኝ። የቀኙ ቀዳዳ ሰፋ ያለ ነው፣ ነዳጅ መስጫው ፕላስቲክ ላይ ስለሚገባ። በሳሙና እያንሸራተቱ የሚያስገቡ አሉ፣ "ዝናብ ሲመጣ ጎማውን በእጅሽ ይዘሽ ትቀሪያለሽ" ብሎ አሳቀኝ። እሱ በአልኮል ነው ያስገባው፣ አልኮል ይተናል።

እኔ የመጣሁት ለጎማ ነበር፣ ትልቁ ለውጥ ግን ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ማንሻውን ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ አንጓዬን ቀጥ አደረገልኝ፣ ገመዱን ዘይት አጠጣው፣ ከዚያ ጣቴ እንዲደርስ በጥቂቱ አላላው። ከዚህ በላይ ከላላ ማርሽ አልገባም ይልሻል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሲጨርስ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ግራ ቀኝ እያዞረ ነዳጁን ለቀቅ፣ ለቀቅ፤ በራሱ ይመለሳል ወይ ብሎ ማየቱ ነው። ጎማው ጫፉ ላይ ከተፋተገ ነዳጅ እንደሰጠ ይቀራላ!

ለጎማው 400፣ ለእጁ 150 ብር ከፈልኩ። አንድ ቅር ያለኝ ነገር፣ ምሳ ከወጣ መመለሻው አይታወቅም። ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ ግን ተዉት፣ ባጃጆች ተሰልፈው ነው የሚውሉት።