ለዊሊስተን ብርድ ከጅማ ሰልባጅ ተራ የሚገዛውና የማይገዛው

በጅማ ሄርማታ ገበያ ዳር ካሉት የሰልባጅ ሱቆች አንዱ፣ በሩ ላይ ምንም ስም ሳይጻፍበት፣ ወፋፍራም ካፖርቶችንና ጃኬቶችን ከጣሪያው ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቅሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ልብስ ጅማ ውስጥ ማን ይለብሰዋል ብሎ የሚስቅ አላፊ አግዳሚ አይታጣም። ባለፈው ጥቅምት ግን የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት፣ በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ግዛት ዊሊስተን በምትባል የነዳጅ ከተማ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ሥራ ስለተገኘለት፣ ወደዚህ ሱቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። እኔም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2012 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በዚያችው ከተማ የውሃ ቦቴ ስነዳ ስለነበር፣ የምሰጠው አስተያየት ልብሱ እዚያ ምን ያህል ይሠራል ከሚለው አንጻር ነው።

ልብሱ የሚመዘነው በብርዱ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ ቀዘቀዘ በሚባለው የታኅሣሥ ሌሊት እንኳ አንድ ጋቢ ይበቃል። ዊሊስተን ግን ዛፍ ብርቅ በሆነበት ሜዳ ላይ፣ ከካናዳ ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የተቀመጠች ናት፤ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ መድረሱ ማንንም አያስገርምም። መኪና ጠዋት አልነሳም እንዳይል፣ ሞተሩ እንደ ስልክ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ያድራል። ከቅዝቃዜው በላይ ሰውን የሚጎዳው ነፋሱ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን ነፋስ ሲጨመርበት፣ ያልተሸፈነ ቆዳ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ እንደ በረዶ ሊረጋ ይችላል።

የሱቁ ባለቤት፣ እኔ እትዬ እያልኩ የእህቴ ልጅ ደግሞ እማማ እያለ የሚጠራቸው ሴት፣ በረዶ የሚያውቁት ከሰማይ ሲወርድ ብቻ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛው ነበር፦ «ልጄ፣ ሥራህ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ደጅ?» ደጅም ጭምር መሆኑን ሲሰሙ፣ ልጁ በመልኩ ወዶት የያዘውን ጥቁር ጃኬት ከእጁ ወስደው መልሰው ሰቀሉት። ከዚያም ሌላ አወረዱና የእጅጌውን ጨርቅ ከከንፈራቸው አስጠግተው፣ መዳፌን በወዲያኛው በኩል እንድደግን ነግረውኝ እፍ አሉበት። ትንፋሹ መዳፌ ላይ ከተሰማ ነፋስ ያስገባል ማለት ነው፤ አልተሰማኝም። ቀጥለው ገበሩን በሁለት ጣታቸው እየቆነጠጡ ከትከሻ እስከ ወገብ ወረዱ፤ በጃኬቱ ውስጥ የተሞላው ላባ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የቀረው ክፍል ባዶ ጨርቅ ሆኖ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ዊሊስተን ውስጥ በብዙ ዶላር የገዛሁትን የመጀመሪያ ጃኬቴን ማንም እንዲህ ፈትሾ አልሸጠልኝም።

ዋጋውን 4,800 ብር ብለው፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ3,600 ብር ሰጡን። ኪሱ ውስጥ አብሮ ታጥቦ የተጨማደደ የውጭ አገር ደረሰኝ አገኘንና፣ «እንግዲህ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው» ብለው ሳቁ። ዚፑ ከታች አንድ ጥርስ ጎድሎት ስለነበር ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ በዚያው ቀን ቀየረው፤ የዚፑን ዋጋ የከፈልነው ግን እኛ ነን። በእኔ አስተያየት ሻጯ ሊችሉት ይገባ ነበር።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ አንድ ነገር በግልጽ ማስቀመጥ ይኖርብኛል፤ ይህ ጃኬት ለጉዞውና ለእረፍት ቀን እንጂ ለነዳጅ ጉድጓድ አይሆንም። በዚያ አካባቢ ነዳጁ የሚወጣው ከምድር በታች ያለውን ድንጋይ በውሃ፣ በአሸዋና በኬሚካል ግፊት በመሰንጠቅ ነው። አንድ ጉድጓድ በመቶዎች የሚቆጠር ቦቴ ውሃ የሚጠጣ በመሆኑም እንደ እኔ ያለው ሾፌር ሁሉ እንጀራውን ያገኘው በዚህ ነበር። ከነዳጁ ጋር ጋዝ አብሮ ስለሚወጣና በየጉድጓዱ ጎን ሌሊትና ቀን የሚነድ እሳት ስላለ፣ ኩባንያዎቹ ነበልባል የሚቋቋም ልብስ ያልለበሰ ሠራተኛ ወደ ግቢው አያስገቡም። የናይለን ጃኬት እሳት ከነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሄጄ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከበር ተመልሻለሁ። ስለዚህ ከጅማ የሚገዛው ልብስ፣ ሰውየው ከባቡር ወይም ከአውሮፕላን ወርዶ የመጀመሪያ ደመወዙን እስኪያገኝ ድረስ የሚያቆየው ብቻ ነው።

በእኔ ጊዜ ያ «እስኪያገኝ ድረስ» የሚባለው ጊዜ ረጅም ነበር። በፈረንጆቹ የ2010 ቆጠራ 14,716 ነዋሪ የነበራት ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሠራተኛ ጎርፎባት፣ በ2014 ግዛቱ በቀን ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሲያመርት፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ይከራይ ነበር። በመኪናው ውስጥ የሚያድር ብዙ ነበር፤ እኔ ዕድለኛ ሆኜ በሠራተኞች ካምፕ ከኮንቴይነር በተሠራ ክፍል ውስጥ አደርኩ። እናቴ የላከችልኝ ጋቢ ለዚያ ክፍል ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ሆኖም ጥጥ ላብና እርጥበት ከያዘ አይለቅምና ወደ ደጅ ለብሶት መውጣት ስሕተት ነው። በዚያው በ2014 አጋማሽ የነዳጅ ዋጋ መውደቅ ሲጀምር ሰዉም ኪራዩም ቀነሰ። የ2020 ቆጠራ 29,160 ሰው ማግኘቱን ሳይ ግን ከተማዋ ባዶ አለመቅረቷን ተረዳሁ።

ወደ ሱቁ ልመለስና ቅሬታዬን ልናገር። በሁለተኛው ጉዟችን በ2,200 ብር የገዛነውን ቡትስ ጫማ፣ ውስጡ ሱፍ፣ ውጭው እውነተኛ ቆዳና ውሃ የማያስገባ ነው ብለው ሸጡልን። ልጁ ይለመደኝ ብሎ በጅማ ዝናብ አምስት ቀን ተመላለሰበትና ሶሉ ከፊት በኩል እንደ አፍ ተከፈተ፤ ለካ ያልተሰፋ፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘ ነበር። ይዘነው ስንመለስ «ሰልባጅ ተሽጦ አይመለስም» አሉ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ውሃ አያስገባም ብሎ አፍ አውጥቶ የሸጠ ሰው በደንቡ ሊከለል አይገባም ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርኳቸው። በመጨረሻ ገንዘቡን ሳይሆን፣ ከመደርደሪያው አንድ ሹራብ እንዲመርጥ ፈቀዱለት። ልጁም ሲዳሰስ የሚኮሰኩስ ግራጫ የበግ ጸጉር ሹራብ አንሥቶ ወጣ። እኔ ደስ አላለኝም፤ የሹራቡ ዋጋ ከጫማው ግማሽ አይሞላም።

ጫማው ባይቀደድ እንኳ ለሥራው አይሆንም ነበር። በነዳጅ ሥራ ጣትን ከሚወድቅ ዕቃ የሚከላከል አፍንጫው ጠንካራ ጫማ ግዴታ ነው፤ አፍንጫው ብረት ከሆነ ደግሞ ብርዱን ወደ ጣት ስለሚያስተላልፍ ብረት ያልሆነውን መምረጥ ይሻላል። ይህ እዚያው የሚገዛ ነው። ጓንት ደግሞ በዚህ ሱቅ ጨርሶ አትፈልጉ፤ ያየናቸው ሁሉ ጥንድ የሌላቸው ነበሩ።

መሄድ የሚፈልግ ሐሙስ ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞቅ ቢሄድ ይመረጣል፤ እኛ በዚያ ሰዓት በደረስን ቀን አዲስ ቦንዳ ሲፈታ አግኝተናል። ትንፋሹን እፍ የማለቱን ፍተሻ ሻጯ ባያስታውሱ እንኳ ራሳችሁ አድርጉት።

ልጁ በኅዳር ሄዷል። ጃኬቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ መኪናው ድረስ እንዳልከዳው ነገረኝ፤ በሥራው የመጀመሪያ ቀን ግን አለቃው አይቶት «ይህን እዚህ ስቀለው» ብሎ፣ ነበልባል የሚቋቋመውን የሥራ ልብስ ሰጠው። ከሥሩ የሚለበሰውን ሲፈትሹ ናይለኑን ሁሉ አስወልቀው፣ የበግ ጸጉር አይቀልጥም ብለው ያን ግራጫ ሹራብ ተዉለት። ባለፈው እሑድ ሲደውል፣ «ጋሼ፣ ይኮሰኩሰኛል እንጂ ከላዬ አልወረደም» አለኝ።